እስከ ሰኞ ደህና ነው

የምነግራችሁን ከሌላ ሰው ሰምቼው ቢሆን ኖሮ፣ በትሕትና ፈገግ ብዬ ወሬ እቀይር ነበር።

ሐኪም ነኝ። ጆሃንስበርግ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የሰው አካል ከሚያስረዳኝ ውጪ ምስጢር አለ ብዬ አምኜ አላውቅም።

ግን ይህ ሆኗል። በጠራራ ፀሐይ ሆኗል።

ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

በዚህ ከተማ ከአገራችን ልጆች አንዱ ሱቁ ውስጥ ሲገደል፣ ሬሳውን እንድለይ የምጠራው እኔ ነኝ። ልማድ ሆኗል። ዱካሞንም የለየሁት እኔ ነኝ። ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ከጥቁሮቹ ሰፈሮች በአንዱ፣ ስፓዛ የሚሉት ዓይነት አነስተኛ የሰፈር ሱቅ ነበረው። እኩለ ቀን ላይ ገብተው፣ በሩን በሚቀረቅርበት የብረት ዘንግ ቀጥቅጠው ገደሉት።

አራት ምት። በማስታወሻዬ ጻፍኳቸው።

የግራ ትከሻ አጥንት፤ ለሁለት ተሰብሯል። ቀኝ መንጋጭላ፤ ተሰንጥቋል፣ ሁለት ጥርስ ወልቋል። ግራ ዓይን፤ ፈስሷል። የጭንቅላቱ ኋላ...

የገደለው ይህ የመጨረሻው ነው።

ከሬሳ ቤቱ ስወጣ ጋሽ ማርቆስን በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ፎርድስበርግ ውስጥ ብርድ ልብስ ያከፋፍላል።

"ይገዙ ሰምቷል?" አልኩት።

ይገዙ የዱካሞ ታላቅ ወንድም ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የእኔም የጎልፍ ጓደኛ። የበዓል ረጅም ዕረፍት ከደርባን በስተደቡብ ባለው የባሕር ዳርቻ ልናሳልፍ ከወር በፊት ተቃጥረን ነበር። ጉዞው በማግስቱ ነው።

"አልሰማም። አይሰማምም።"

"እንዴት ሆኖ?"

"አጎታቸው ከኬፕታውን ሰኞ ነው የሚደርሰው። መርዶ እንደ ድንጋይ አይወረወርም፣ ዶክተር። ሰኞ ንጋት ላይ ወገን ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ተይዞ ይነገረዋል። እስከዚያ እኔም ከእናንተ ጋር ተጨምሬ ይዘነው እንሄዳለን።"

"ጎልፍ ልናጫውተው?"

"ጎልፍ ልናጫውተው።"

የይገዙ ሚስት ስልኩን ሸሸገችው፤ እርሱ ቤት የረሳው መሰለው። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ሦስታችን በእኔ መኪና ወጣን።

ያን ጊዜ ያደረግነው ሁሉ ምሕረት መስሎኝ ነበር።

*

ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ነን።

ሣሩ ቁልቁል ወርዶ ባሕሩ ላይ ያልቃል። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። ጋሽ ማርቆስ በዕድሜው የጎልፍ ዱላ ጨብጦ ስለማያውቅ እየተቀለደበት፣ እርሱም እየቀለደ ነበር።

"ይህ ምን ጨዋታ ነው? ጥጃ የጠፋበት ሰው እንኳ እንዲህ ሣር ለሣር አይንከራተትም!"

ይገዙ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን በድንገት አቆመ... ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

"ጋሽ ማርቆስ፣ ዱካሞ ደህና ነው?"

ለምን እንደጠየቀ አላወቅንም።

"ደህና ነው እንጂ! ምን ይሆናል?" አለ ጋሽ ማርቆስ።

ጧ!

ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ጋሽ ማርቆስ በጉልበቱ ወደቀ። ከየት እንደመጣች ያላየናት የጎልፍ ኳስ ግራ ትከሻውን መትታ ሣሩ ላይ ተንከባለለች። የአጥንቱ ስብራት ሸሚዙን ከውስጥ ወጥሮት ይታያል።

ዱላችንን የሚሸከምልን ሽማግሌው ዙሉ፣ ካዲያችን፣ ከኋላችን ያለውን ሜዳ ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"ባባ፣ ከኋላችሁ የሚጫወት ሰው የለም" አለኝ።

ኳሷን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ነካት... ወዲያው ጣላት። ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረጋቸው።

እኔም ነካኋት። በዚያ ሐሩር፣ ከበረዶ ቤት እንደወጣች ነበረች።

*

"እንመለስ" አልኩት ክሊኒክ ውስጥ፣ ትከሻውን ካሰሩለት በኋላ።

"ለአንድ አጥንት ብዬ አደራ አልበላም" አለ ጋሽ ማርቆስ ጥርሱን ነክሶ። "ከተመለስን ይሰማል። ሰኞ ነው ያልነው፤ ሰኞ።"

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። አገር ለማየት ወጣን።

ከባሕሩ ጠርዝ ጥቁር ዓለት አለ፤ ማዕበሉ ከሥሩ ገብቶ በአናቱ ቀዳዳ ወደ ላይ ይረጫል። ጎብኚዎች በሩቁ ቆመው ፎቶ ያነሳሉ። እኛ ቀረብ ብለን ቆምን። ይገዙ እርጥቡን ዓለት በጫማው ጫፍ እየነካካ፣ ቀና ሳይል ጠየቀ።

"ዱካሞ ደህና ነው?"

ጋሽ ማርቆስ እኔን አየኝ። ፈገግ ለማለት ሞከረ።

"ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነው። ትናንት በስልክ አግኝቼዋለሁ።"

ማዕበሉ የተነሣው ቃሉን ሳይጨርስ ነው።

ሦስታችን ጎን ለጎን ነበር የቆምነው። ውኃው ግን መሐል ያለውን እርሱን ብቻ ለየና አነሣው... በፊቱም ዓለቱ ላይ አፈረጠው። ጎትቼ ሳወጣው ቀኝ መንጋጭላው ተገንጥሎ በቆዳው ብቻ ተንጠልጥሏል። ሁለት ጥርሱን ከነሥራቸው መዳፌ ላይ ተፋቸው። ደሙ በነጭ አረፋው ላይ እየተጠቀለለ ሄደ።

ያ ባሕር ለብ ያለ ባሕር ነው፤ ሰው ክረምት ከበጋ ይዋኝበታል። እኔ ላይ የተረጨው ግን አጥንት ያቆራምድ ነበር።

ይገዙ እዚያው ቆሟል። ጫማው እንኳ አልረጠበም።

ከሰዓት በኋላ በሆስፒታሉ መተላለፊያ ማስታወሻዬን አወጣሁ። ግራ ትከሻ። ቀኝ መንጋጭላ። ሁለት ጥርስ።

ሁለት አደጋ ሁለት አደጋ ነው አልኩ ለራሴ። ሰው በፍርሃቱ ውስጥ ሥርዓት ይፈልጋል፤ ሥርዓቱን ግን የሚሠራው ራሱ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ!

ጋሽ ማርቆስ መንጋጭላው በሽቦ ተጠፍሯል። በቀኝ እጁ ወረቀት ጠየቀኝ። ሁለት ቃል ብቻ ጻፈ።

"አደራ። ሰኞ።"

*

እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት።

"ተቀምጠን ከምንቆዝም ጥቂት ጉድጓድ እንጫወት" አለ ይገዙ። ሰው አልጋ ላይ ተኝቶብን እንዲህ ማለቱ ከበደኝ። ያን ቀን ሽማግሌው ካዲ አሞኛል ብሎ ቀረ።

ኳሴ አሸዋ ውስጥ ገባች። ወርጄ የብረቱን ዱላ ጨበጥኩ። እጀታው እጄ ላይ ተጣበቀ... ከቅዝቃዜው የተነሣ።

ይገዙ ከአሸዋው ጠርዝ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየኛል።

"ዶክተር።"

"አቤት።"

"እስካሁን አንተን አልጠየቅኩህም።"

"ጨዋታችንን እንጨርስ፣ ይገዙ..."

"ዱካሞ ደህና ነው?"

አውቅ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከአንጀቴ በታች የሆነ ቦታ አውቅ ነበር። ነገር ግን የሃያ ሁለት ዓመት ትምህርትና ትዕቢት ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጦ ነበርና በእኔ ፋንታ እርሱ መለሰ።

"ደህና ነው" አልኩት። "ምነው፣ ምን አሰጋህ?"

ዱላውን አወረድኩ። የዱላው ራስ ከአንገቱ ተቆርጦ ከአሸዋው ተመልሶ ተነሣ።

አየሁት። ሲመጣ አየሁት። ግራ ዓይኔ ያየው የመጨረሻ ነገር እርሱ ነው።

ሕመሙ ዘግይቶ መጣ። በመጀመሪያ የተሰማኝ በጉንጬ ላይ የሚወርደው ወፍራም ፈሳሽ ነበር። እንባ ነው ብዬ በጣቴ ጠረግኩት። እንባ አልነበረም። ጮኼ አሸዋው ላይ ተንከባለልኩ፤ አፌ በደምና በአሸዋ ተሞላ።

ይገዙ ወርዶ በእርጋታ አቀፈኝ።

"አይዞህ፣ ዶክተር..." አለኝ በሹክሹክታ። "አይዞህ። ጥቂት ነው የቀረው።"

*

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ጋሽ ማርቆስ በተኛበት ሆስፒታል፣ ግማሽ ፊቴ በፋሻ ተጠቅልሎ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።

በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ይገዙ ገባ። ፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ አልተቀመጠበትም። ዞሮ ከኋላዬ ቆመ።

መዳፉን ጭንቅላቴ ኋላ ላይ አሳረፈ። በቀስታ፣ እናት የልጇን ራስ እንደምትደግፍ።

እጁ በረዶ ነበር።

"ዶክተር..."

"አትጠይቀኝ።"

"ዱካሞ..."

"ይገዙ፣ እባክህ! አትጠይቀኝ!"

"...ደህና ነው?"

ለእውነት ስል አልነበረም። ለወዳጄም አዝኜ አልነበረም። የፈራሁት ለራሴ ጭንቅላት ነው።

"ሞቷል!" ብዬ ጮኽኩ። "ሐሙስ ገደሉት! ሬሳውን የለየሁት እኔ ነኝ! ሞቷል፣ ወንድምህ ሞቷል!"



እጁ ጭንቅላቴ ላይ እንዳለ ቀስ በቀስ ሞቀ። እንደ ማንኛውም ሰው እጅ ሆነ።

"አንድ..." አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። "አንድ ብቻ ነበር እኮ የቀረው..."

ከዚያ በኋላ እንደሚለቀሰው አለቀሰ። ደረቱን እየደቃ፣ መሬት ላይ እየወደቀ፣ ነርሶቹ አራት ሆነው እስኪይዙት ድረስ። እኔ አልተጠጋሁትም።

*

ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ጆሃንስበርግ።

ሽማግሌዎቹ ትሮይቪል ሰፈር ባለው የይገዙ ቤት ተሰብስበው፣ አንዴ የተነገረውን መርዶ ዳግም ለመንገር ተቀምጠዋል። እኔን ወደ ሬሳ ቤቱ ላኩኝ። አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ከመላኩ በፊት የለየው ሰው ዳግም አይቶ መፈረም አለበት።

ሠራተኛው መሳቢያውን ሳበው። ከሐሙስ ወዲህ ማንም አልነካውም አለኝ፤ መዝገቡንም አሳየኝ።

በቀረኝ ዓይን ተመለከትኩ። ማስታወሻዬን አውጥቼ እያመሳከርኩ ተመለከትኩ።

የግራ ትከሻው አጥንት ቀጥ ብሎ ጤነኛ ነው። በጣቴ ዳበስኩት፤ የስብራት ምልክት እንኳ የለውም።

መንጋጭላው ገጥሟል። አፉን ከፍቼ ጥርሶቹን ቆጠርኩ። አንድም አልጎደለም።

የጭንቅላቱ ኋላ... ሐሙስ እንደነበረው ነው። ክፍት።

ሠራተኛው ፈርሜ እንድወጣ እስክሪብቶ ዘረጋልኝ። መፈረም ነበረብኝ። ፈርሜ መሄድ ነበረብኝ።

የግራ ዓይኑን ሽፋን ገልጬ አየሁ።

ዓይኑ ሙሉ ነበር። እርጥብ። ዱካሞ ዓይኖቹ ጥቁር ነበሩ፤ ሐሙስ ያልተጎዳውን ቀኙን ከፍቼ አይቻለሁ። ይህኛው ግን ወደ ቡኒ ያደላል፤ ከብሌኑ ጎን ጤፍ የምታህል ግራጫ ነጥብ አለችበት።

ያቺን ነጥብ አውቃታለሁ። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ አይቻታለሁ።

ጣቴን አነሣሁ። ሽፋኑ ግን ተመልሶ አልተከደነም...

ብሌኑ ቀስ ብሎ ዞረ፤ እኔ ላይ ሲደርስም ቆመ።