የተኛ አይነካም

አልጋው ባዶ ነበር። አንሶላው ላይ ደም አለ።

የምድጃው እሳት ግን ይነዳል። ገዳዩ ሬሳውን ተሸክሞ ከመውጣቱ በፊት ማገዶ ጨምሯል። በሩንም መልሶ ዘግቶታል።

የትራፊክ አደጋ መርማሪዋ ከሥራ እንደገባች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነበር ሳሎን ካለው ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠችው። በምትጫወተው ጌም ውስጥ የምታንቀሳቅሳት ሴት ከአልጋዋ ሥር መሬት ላይ ተጋድማ ነቃች። መርማሪዋን ገረማት፤ ትናንት ያስተኛቻት አልጋ ላይ ነበር። ነገሩን አለፈችው። እንደ ልማዷ እዚያው ጌሙ ውስጥ ያለውን የወንድሟን ቤት ከፈተች፤ ያኔ ነው ደሙን ያየችው።

ወንድሟ መርከበኛ ነበር። ከስምንት ወር በፊት መርከቡ ሰጠመ፤ እሱም አልተገኘም። ጌሙ ውስጥ ግን እሱ ይጫወትበት የነበረው «መልህቅ» የሚባለው ሰው እንደተኛ ቀረ። የዚህ ዓለም ጠባይ ነው፤ ኮምፒውተሩን ዘግተህ ስትሄድ ሰውህ ባለበት ይተኛል፤ ይርበዋል፣ ይበርደዋል፣ ያገኘው ሁሉ ሊገድለው ይችላል። በሌሎቹ ሸለቆዎች ተኝቶ የነቃ ዕድለኛ ነው።

እነሱ በሚኖሩበት ሸለቆ ግን ነዋሪዎቹ ራሳቸው ሕግ አወጡ። የተኛ አይነካም፤ የነካ ይባረራል። ጌሙን የሠራው ድርጅት አላዘዛቸውም። ገበያውም ድልድዩም ሊሠራ የቻለው ሰው ጎረቤቱን አምኖ መተኛት ስለቻለ ነው። ለመልህቅም ተራ ገብተው ማገዶና ምግብ ደጁ ላይ ያስቀምጡለት ነበር፤ እሷ ማታ ማታ ታስገባለታለች።

«ማን እንደነካው አገኛለሁ» አለች በማይኩ፣ ሸለቆው ሁሉ እየሰማ። «ማንም ይሁን ማን ስሙን እዚሁ እናገራለሁ። ከዚህ ይወጣል።»

ድምጿ ጽኑ ነበር።

ሁሉም ጣቱን የቀሰረው ጅቡ ላይ ነው። ጅቡ የሚሉት የማዶዎቹን ዘራፊዎች አለቃ ነው፤ ተኝቶ ያገኘውን አይምርም። ሸለቆው አፍ ላይ አገኘችው።

«እኔ ብሆን በሩን ሰብሬ ነበር የምገባው» አለ እየሳቀ። «የቆዳ ካፖርቱ ተወስዷል?»

«ግድግዳው ላይ ነው።»

«ቢላዋውስ?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን ሁን ነው የምትዪኝ? ጅብ ቁርበት አይቶ ያልፋል?» ሳቁን ዋጠ። «ጀልባ መሥራት ያስተማረኝ እሱ ነው። ነፍስ ይማር።»

እውነቱን ነው። ዘራፊ ማገዶ አይጨምርም። በሩም ቢሆን የሚከፈተው ለሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ ለእሷና ቤቱን ለሠራው ለአናጺው።

አናጺው የሸለቆውን ግማሽ የገነባ ሰው ነው። ገበያውን ለማስፋት የመልህቅን ቤት እንድታነሣለት ጠይቋት ያውቃል።

«ቦታውን ፈልገኸው ነበር።»

«ፈልጌያለሁ። ለመንኩሽ፤ እምቢ ስትዪ ተውኩት።»

«ዛሬ ቀን የት ዋልክ?»

«ሥራ ነዋ! እኔም እንዳንቺ አለቃ አለብኝ እኮ። ይልቅ እኔን ከማፋጠጥሽ በፊት በረዶውን እዪው። አሁን ከሮጥሽበት ሌላ፣ ወደ መልህቅ ቤት የሚሄድ ዱካ አለ፤ ከማን ደጅ ነው የሚነሣው?»

ዞራ አየች። ከራሷ ደጅ ነው።

ማይኩ ላይ ጉርምርምታ ተነሣ። «ራሷ ገድላ ራሷ ትጮኻለች?» አለ አንዱ።

ሰማዩ ጠቁሯል። አዲስ በረዶ ከጣለ ዱካው ይጠፋል፤ እሷም እንደ ገዳይ ትቀራለች። አጎንብሳ ማንበብ ጀመረች። ሥራዋ ነው፤ መንገድ ላይ የጎማ ምልክት እያየች መኪናው እንዴት እንደተነዳ ስትናገር ነው የኖረችው። የአናጺውን እርምጃ አየች፤ የጅቡን አየች፤ የራሷንም። ሁሉም የተራራቀ ነው። በዚህ ዓለም የሚራመድ የለም። ሰው ውኃ ሊቀዳም ሆነ ጎረቤት ሊጠይቅ ይሮጣል። ይኼኛው ዱካ ግን ቅርብ ለቅርብ ነው።

የመሮጫውን ቁልፍ የማያውቅ ሰው ነው። አልጋ ላይ መውጣትም አያውቅም፤ ለዚህ ነው ሲጨርስ የእሷን ሴት መሬት ላይ አስተኝቷት የወጣው። ወደ መልህቅ ቤት የሄደውም በእሷው እግር ነው።

ከመልህቅ ደጅ ሲወጣ ዱካው ጠለቀ። ሸክም ነበረው። ተከተለችው። ኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ሐይቁ ቁልቁል ከሚታይበት ቦታ፣ የድንጋይ ክምር አገኘች። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ተመርጠው ነው የተደረደሩት።

ማዳመጫውን አወለቀች። የይለፍ ቃሏን ኮምፒውተሩ ያስታውሰዋል። ቀን ቀን ቤት የሚውለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

አባቷ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ምን አደረግህ?»

አልካደም። «ከኋላሽ ቆሜ ሳይ ነው የተማርኩት።»

«ያ ሁሉ ሰው ሲጠብቀው የከረመውን!»

«የተኛ አይነካም ትላላችሁ። ልጄ ግን አልተኛም። ባሕሩ ሬሳውን ከለከለኝ፤ የምቀብረው አጣሁ። ሳሎን ባለፍኩ ቁጥር ደግሞ እዚያ ተጋድሞ አየዋለሁ። ተሸክሜ ልውሰደው ብል ጌሙ እምቢ አለኝ፤ ነፍስ ያለውን አያሸክምም። ዐይኔን ጨፍኜ ነው የመታሁት፣ ልጄ።»

«እሳቱንስ ለምን አነደድክ?»

«አንቺ ስትወጪ ሁልጊዜ ትጨምሪ የለ እንዴ? የቤቱ ደንብ መስሎኝ።»

ንዴትም ሐዘንም አንድ ላይ መጣባት። ልትጮህበት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነበር። ተያይዘው አለቀሱ። ሆኖም ቃል ሰጥታለች። ፊቷን ጠርጋ ማዳመጫውን መልሳ አደረገች።

«አባቴ ነው» አለች። «በእኔ ስም ገብቶ ነው። ሕጉ ሕግ ነው፤ ውጡ ካላችሁን እንወጣለን። መልህቅ ግን ተኝቶ አልነበረም። ሞቷል። ወንድሜ ሞቷል።»

በስምንት ወር ውስጥ ይህን ቃል ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

አናጺው መለሰላት። «ፍርዱ ነገ ይታያል። ዛሬ ቀብር አለብን።»

አባቷን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ሸለቆው ሁሉ ደጇ ላይ ተሰብስቧል። ጅቡም መጥቷል፤ መጥረቢያውን ሸለቆው አፍ ላይ ጥሎ።

«መሮጫው ይኼ ነው፣ አባዬ» አለች ጣቱን ቁልፉ ላይ እያሳረፈችለት።

«ለቀብር አይሮጥም» አለና በዝግታ ወደ ኮረብታው ተነሣ።

«መራመጃው የቱ ነው?» የሚል ድምፅ ከአንዱ ማይክ ተሰማ። ሌላው በሹክሹክታ ነገረው። ከዚያ ሁሉም እየተራመዱ ተከተሉት።