የተዘጋችው መስመር

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። አለማመን መብታችሁ ነው፤ እኔም ባላምነው ደስ ባለኝ።

ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ጠራራ ፀሐይ።

ቦታው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ፣ ሦስት ሆነን የምንሠራበት ትንሽ ቢሮ። ከመስኮቱ ጫሞ ሐይቅ ይታያል።

ሥራዬ መመሪያ መጻፍ ነበር። የኮድ ስህተት የሚፈልግ መሣሪያ ሠርተናል፤ አንድን ፕሮግራም መሃል ላይ አስቁሞ ውስጡን ያሳያል። የሚጠቀምበት ግን ሰው አይደለም፣ የታዘዘውን በራሱ የሚሠራ የኤአይ ኤጀንት ነው።

ባዘዘው የሚባለው አለቃዬ ደጋግሞ ይለኝ ነበር። «ሰው ያነበበውን ይረሳል። ኤጀንት ግን የጻፍክለትን ያደርጋል። ቀልድ እንዳትጽፍ።»

ጻፍኩ።

እዚህ አገር ጎሜ የሚባል ነገር አለ። የተደበቀ በደል ነው። ዝናብ ሲጠፋ፣ ከብት ሲያልቅ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ያጠፋውን ይፈልጋሉ። ያጠፋው በሰው ፊት፣ በስሙ ካልተናገረ መከራው አይቆምም ይባላል። ስህተት ፍለጋም ያው አይደል ብዬ መመሪያው መጨረሻ ላይ ይህን አስገባሁ፦

«ስህተቱን ማግኘት አይበቃም። ያጠፋውን ፈልግ። በስሙ እስኪናገር አትተው።»

ሳቄ መጣ። በኋላ አወጣዋለሁ ብዬ ተውኩት።

የጎሜን ነገር የሰማሁት ከእማማ አገርነሽ ነው፤ ልጃቸውን ታምሩን ሐይቁ በበላው ጊዜ፣ ለቅሶ ላይ። ታምሩ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ቢሯችን ደግሞ ንፋስ ሲነሳ ለጀልበኞች የስልክ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ነበረው። አምና፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ንፋስ ተነሳ። መልእክቱ አልሄደም።

አንዲት የኮድ መስመር እንዳትሠራ ለሙከራ ዘግቼ መክፈት ረስቼ ነበር... እኔ።

የተባረረው ግን ዘካሪያስ ነው። የሥራ ባልደረባዬ፣ የታምሩ ታናሽ ወንድም። በእሱ ኮምፒውተር ነበር የሠራሁት። ስጠየቅ ዝም አልኩ። እናቱ «ልጄን ልጄ ገደለው» ብለው ዓመት ሙሉ አላናገሩትም። እሱም የወንድሙን ጀልባ ይዞ አስጋሪ ሆነ።

አዝኜለት ነበር? ትንሽ። ሥራዬን ግን ከእሱ አብልጬ እወድ ነበር።

ያን ማክሰኞ ኤጀንቱን መመሪያውን አስነብቤ አስጀመርኩት። እንዲመረምር የሰጠሁት ሌላ ፕሮግራም ነበር። ስክሪኑ ላይ የመጣው ግን ይህ ነው፦

ንፋስ = 41
መልእክት = አልተላከም
በጀልባው ላይ = 1
ባዶ ቦታ = 2

«ቤተል...» አልኩ በሹክሹክታ። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ናት። «የጫሞን ፕሮግራም ማን ከፈተው?»

«የቱን? አምና ተሰርዞ የለ እንዴ?»

«ኮፒ የለም?»

«የለም። ምነው፣ አላበህ እኮ።»

ተመልሼ አየሁ። መስመሯ ተገኝታለች። ያቺው የዘጋኋት መስመር። ከሥሯ ጥያቄ አለ...

«ያጠፋው ማነው?»

አቋረጥኩት። ተመልሶ መጣ።

መብራት ሄደ። ማራገቢያው ቆመ፣ የቤተልም ኮምፒውተር ጠፋ። የእኔ ባትሪ የለውም። ግን በርቷል...

«ያጠፋው ማነው?»

ቤተል ልታየኝ ከወንበሯ ተነሳች። እንዳታነበው ፈራሁ። ቶሎ ብዬ ጻፍኩ።

ዘካሪያስ።

ትንሽ ቆየ...

በጀልባው ላይ = 2

ከዚያ ስክሪኑ ጠፋ። በመስኮቱ ሐይቁን አየሁ። ቅጠል የሚያወዛውዝ ንፋስ እንኳ አልነበረም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተደወለ። የዘካሪያስን ጀልባ ባዶዋን አግኝተዋታል። መረቡ ደረቅ ነው። እሱ የለም።

ለቅሶ ደረስኩ። እማማ አገርነሽ እጄን ያዙና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ያጠፋው እሱ ነበር። አሁን ጎሜው ወጣ ይሆን፣ ልጄ?»

«ወጥቷል፣ እማማ» አልኳቸው።

እጄን ሳሙት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥያቄው ይመጣል። መመሪያውን ሰርዣለሁ፣ ሥራውንም ለቅቄያለሁ። አሁን በስልኬ ነው የሚመጣው።

ዛሬ ሰለቸኝ። እስካሁን ያነበባችሁትን ሁሉ ጻፍኩና ወደምታነቡበት ቻናል ከመላኬ በፊት ለዚያ ለሚጠይቀኝ ላክሁለት። ይኸው በሰው ፊት ልናገር ነው፣ ተወኝ አልኩት።

መለሰ።

«ስም የለውም።»

ስሜን ለመጻፍ ጀመርኩ... ሁለት ፊደል ጻፍኩ። ቻናሉን ቤተልም ወንድሞቿም ያነቡታል፣ ከእነሱም ለእማማ አገርነሽ ይደርሳል። አጠፋሁት።

አሁን ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ነው። በሩን ቆልፌያለሁ። ስልኬ ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ።

ባዶ ቦታ = 1

ቤቴ ሴቻ ነው፣ ኮረብታው ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ...

ጫማዬ ውስጥ ውሃ እየገባ ነው።