በምስማሩ ላይ የነበረው ዳቦ

ሳሎማት የሮቢያ ሖላን በር ሦስት ጊዜ አንኳኩታ መልስ ስታጣ ገፋ አድርጋ ገባች። ሰፈሩ ሁሉ ሖላ፣ አክስት፣ የሚላቸው አሮጊት ሳንዳሊው ላይ፣ ከስሩ ፍም ያለበት ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ፣ ተደግፈው ነበር። እግራቸው ከዝቅተኛው ጠረጴዛ ስር፣ ከፍም ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው፤ ወፍራሙ ብርድ ልብስ እስከ ደረታቸው ተስቧል። ጉንጫቸው ቀላ ብሎ አሁን የሚነቁ ይመስላሉ። ሳሎማት እጃቸውን ነካች፤ ቀዝቅዟል። ከዚያ ደጁ ላይ ቁጭ አለች፤ ለምን እንደተቀመጠች በኋላ ስትጠየቅ አላወቀችም።

ካፒቴን ዳዶጆን ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። የመጣው ከገበያው አጠገብ ካለው ፖሊስ ጣቢያ በእግሩ ነው። ሰፈራችን ከኢስታራቭሻን መሀል ከተማ የሰባት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ነገር ግን መኪና አያስገባም። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ኪራዩ ርካሽ ነው። ለአዲሶቹ ፎቆች አቅም ያጣ ሁሉ እዚህ ነው ያለው። የሮቢያ ሖላ ግቢ ሦስት ክፍል አለው፦ አንዱ የራሳቸው፣ አንዱ የልብስ ሰፊዋ የሳሎማትና የሰባት ዓመት ልጇ፣ በሩ ስር ያለው ደግሞ የቢላዋ ሠሪው የቁርቦን።

የሰፈሩ ሊቀመንበር ራይስ ናቢ ግቢው ውስጥ እየጠበቁት ነበር።

«ጭስ ነው» አሉ። «በየክረምቱ አንድ ሰው ይወስዳል። ፈርምልንና ለቀትር ጸሎት አድርሰን እንቅበራቸው።»

«ፍሙን ማን ነው የሚያስገባላቸው?»

ራይስ በአገጫቸው ወደ ሳሎማት አመለከቱ። «እሷ ናት። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ማታ ማታ እሷ ናት። እንግዲህ ግዴለሽነት ከተባለም...» ቀሪውን ዋጡት።

የዋጡትን ሳሎማት ሰምታዋለች። ግዴለሽነት ከተባለ እስር ነው። እስር ከሆነ ልጇን የሚቀበላት ዘመድ የለም። ይህን ሁሉ አሰበችና ምንም አልተሰማትም፤ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስል ነበር።

ካፒቴኑ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ። ጎንበስ ብሎ የጉድጓዱን አመድ በቢላዋ ገለጥ አደረገ። ከአመዱ መሀል ግማሹ ነዶ ግማሹ ጥቁር እንደሆነ የቀረ ከሰል ወጣ። ከላይ የመስኮቱ ትንሿ መስታወት ተዘግታ ተቀርቅራለች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻይ ጎድጓዳ ሳህኖች አሉ። የአንዱ ሻይ ጥርት ያለ ነው። ሌላው ታች የረጠበ ፍርፋሪ ዘቅጦበታል፤ ፍርፋሪው ውስጥ ጥቁር አዝሙድ አለ። ካፒቴኑ ሳህኑን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ አስተውሎ አየው።

ከዚያ ቀና አለ። ግድግዳው ላይ ባዶ ምስማር ነበር። ዙሪያው ባለው ጥላሸት መሀል እንደ ጨረቃ ነጭ ሆኖ የቀረ ክብ አለ።

«እዚህ ምን ነበር የተሰቀለው?»

ሳሎማት ቀና ብላ አየች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። «የፋይዙሎ ዳቦ። ትናንት ማታ ነበረ። እኔ ራሴ አይቼዋለሁ።»

ፋይዙሎ የሮቢያ ሖላ አንድያ ልጅ ነው፤ አራት ዓመት ሩሲያ ሠርቷል። በእኛ ሰፈር ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ እናቱ ትኩስ ዳቦ ታቀርብለታለች፤ አንዴ ይነክስና ይሄዳል። ቀሪው ይሰቀላል። ተመልሶ እስኪጨርሰው ማንም አይነካውም። የመሸኛ ዳቦ ስለሆነ ጥቁር አዝሙድ ይነሰነስበታል፤ የዕለት ዳቦ ላይ ግን ማንም አያባክነውም።

«ድመት ይሆናል» አሉ ራይስ።

«ድመት ዳቦ ሻይ ውስጥ ነክሮ አይበላም» አለ ካፒቴኑ። ወደ ሳሎማት ዞረ። «ትናንት ያደረግሽውን ንገሪኝ።»

«ከሰሉን ግቢ ውስጥ አነደድኩ። ጥቁሩ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ፍሙን አስገብቼ አመድ አለበስኩት። መስታወቷን የአንድ መዳፍ ስፋት ያህል ከፈትኩ። እሳቸው አይደርሱባትም፣ ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ከዚያ ከልጄ ጋር ሠርጉ ቤት ሄድን።»

«የማን ሠርግ?»

«የዳቦ ጋጋሪው ልጅ። ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ነበር። ስንመለስ መብራታቸው ጠፍቷል። ተኝተዋል አልኩ።»

«በማን ከሰል ነው ያነደድሽው?»

«በራሳቸው። ከጓዳ።»

ካፒቴኑ ወደ ቢላዋ ሠሪው ክፍል ሄደ። ቁርቦን ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ሁሉም አካ፣ ታላቅ ወንድም፣ የሚለው ሰው ነው። የተከፈተ የከሰል ጆንያው ከመግቢያው ኮሪደር ቆሟል።

«ቁርቦን አካ፣ ከሮቢያ ሖላ ጋር ተጣልታችኋል ይላሉ።»

«በመዶሻዬ ድምፅ ነው። አሥር ዓመት ተጣላን። ሌላ የምንጣላበት አልነበረንም፤ ጠባችንም የመተዛዘን ነበር።»

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ሠርጉ ላይ። ሦስት ሳህን የሩዝ ፒላፍ በላሁ፣ ሴቶቹ ቆጥረውብኛል፣ ጠይቃቸው። ያቺን ልጅ አትንካት እንጂ። እሷ ጥቁር ከሰል ቤት አታስገባም። በእኛ ሰፈር ጥቁር ከሰል ይገድላል ብሎ ያልተቆጣ አባት የለም።»

«ጆንያዎት ጎድሏል?»

ቁርቦን ጆንያውን ለረጅም ጊዜ አየ። «አካፋዬ ውስጡ ነው። እኔ አካፋዬን ጆንያ ውስጥ አልተውም።»

ቀትር ሲቃረብ ፋይዙሎ ደረሰ። ሻንጣ ይጎትታል። ራይስ ጠዋት ስልክ ሲደውሉለት አውሮፕላን ማረፊያ ነኝ፣ ሳላሳውቃት ልመጣ ነበር ብሏቸው ነበር። ሴቶቹ አለቀሱ። ሻንጣውን ግቢው ውስጥ ጣለ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ገባ፣ የእናቱን ግንባር ሳመ፣ አንገቱን ደፋ። ካፒቴኑ በር ላይ ሆኖ ዓይኑን አልነቀለበትም። ከዚያ ወጣ። ወንዶቹ ጥቁር ካባ አለበሱትና ወገቡን በመታጠቂያ አሰሩለት። የሟች ልጅ እንደሚያደርገው ለቅሶ የሚደርሱትን ለመቀበል በሩ ላይ ቆመ።

«ካፒቴን፣ አስከሬን አታስጠብቅ» አሉ ራይስ።

«አላስጠብቅም። እናንተ አራታችሁ ብቻ ወደ ግቢው ኑ።»

ራይስ፣ ሳሎማት፣ ቁርቦንና ፋይዙሎ ግቢው ውስጥ ካለችው የአፕሪኮት ዛፍ ስር ቆሙ። ካፒቴኑ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ሮቢያ ሖላን የገደላቸው ጭስ ነው፤ ይህ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ጭሱ በራሱ አልመጣም። ሳሎማት ያስገባችው ፍም እስከ ጠዋት አመድ መሆን ነበረበት። እኔ ያገኘሁት ግን በኋላ የተጨመረ ጥሬ ከሰል ነው። ጥሬ ከሰል ተጨመረ፣ መስታወቷም ተዘጋች። ሟቿ አይደርሱባትም። ስለዚህ ሌላ ሰው ነበረ።»

«ከሰሉ የእኔ ነው» አለ ቁርቦን።

«የእርስዎ ነው፤ ነገር ግን ኮሪደር ውስጥ ያለ ጆንያ የሁሉም ነው። አካፋውን የተወው ቦታውን የማያውቅ ወይም የረሳ ሰው ነው። እርስዎም ሳሎማትም ሠርጉ ላይ ታይታችኋል። ይህ ብቻ ከሆነ ግን ማንም ሊሆን ይችል ነበር።» በአገጩ ወደ ክፍሉ አመለከተ። «ዳቦው ግን ማንም አይደለም። ሻይ ውስጥ ርሶ ተበልቷል። አራት ዓመት የደረቀ ዳቦ ሳይርስ አይበላም። ሮቢያ ሖላ ይህን ዳቦ ለሌላ ሰው ይሰጣሉ?»

ሳሎማት ራሷን ነቀነቀች። «ልጄን እንኳ አስነክተዋት አያውቁም። ልጃቸውን በሕይወት እያለ መቅበር ነው ይሉ ነበር።»

«ስለዚህ የነከሰው ራሱ በልቶታል። ከእናቱ ጋር ተቀምጦ፣ ሻይ እየጠጣ።»

ማንም ወደ ፋይዙሎ አልዞረም፤ ዛፏን ያዩ ጀመር።

«ዛሬ ጠዋት ነው የገባሁት» አለ ፋይዙሎ።

«ከሩሲያ የተመለሱ አርባ ሰዎች አይቻለሁ። አባቱ የሞተበትም ነበር። ሁሉም ቤት ሲገባ መጀመሪያ ዳቦውን በዓይኑ ይፈልጋል፤ አስቦ አይደለም። አንተ እናትህን ሳምክ፣ ወጣህ፣ ግድግዳውን አላየህም። ሳሎማት ከጠዋት ጀምሮ ዳቦው የት ደረሰ እያለች ነው፤ አንተ አልጠየቅህም። ባዶ መሆኑን ታውቃለህ። ፓስፖርትህን ስጠኝ።»

ፋይዙሎ ከካባው ስር አወጣና ሰጠው። ካፒቴኑ ገጹን ገልጦ ለራይስ አሳየ። የመግቢያው ማኅተም የትናንት ነበር።

ከመሀል ከተማ የገበያው ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ቤቱን የሚገዛ ሰው አለ» አለ ፋይዙሎ። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «ለመኪና ማቆሚያ። ፈርሚልኝ አልኳት። ዳቦዬን አርሳ ሰጠችኝ፣ ብላ አለችኝ፣ በላሁ። ከዚያ አልፈርምም አለች። ሳሎማት ከነልጇ ወዴት ትሂድ፣ ቁርቦንስ በዚህ ዕድሜው የት ይከራያል አለች። ስለነሱ አወራችኝ። እኔን አራት ዓመት እንዴት ነበርክ አላለችኝም።»

«ከዚያስ?»

«በረደኝ አለች። ከሰል ጨመርኩ። መስታወቷንም ዘጋሁ። ምን እየሠራሁ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ቀስ ብዬ ነው የሠራሁት። ከዚያ ወጥቼ አውቶቡስ ማቆሚያ ቁጭ አልኩ።»

ማንም ለሳሎማት ያን ያህል ተከራክሮ አያውቅም ነበር፤ አሮጊቷ ተከራክረውላት እንደሞቱም እስካሁን አላወቀችም ነበር።

ካፒቴኑ ፋይዙሎን በክንዱ ያዘው። በሩ ላይ ሲደርሱ ፋይዙሎ ቆመና መታጠቂያውን ፈታ፤ ለማን እንደሚሰጠው አላወቀም፤ በእጁ ይዞት ቀረ። ቁርቦን ተራመደና ተቀበለው። በራሱ ወገብ ላይ አስሮ ለቅሶ ደራሾችን ሊቀበል በሩ ላይ ቆመ።

ራይስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ቤቱ ባለቤት የለውም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት እስኪሄድ የግቢው ቁልፍ እኔ ዘንድ ይሁን።» እጃቸውን ወደ ሳሎማት ዘረጉ።

ሳሎማት ቁልፉን ከሽርጧ ኪስ አወጣች። አየችው። ልጇ ከበስተኋላዋ ቀሚሷን ይዛለች።

«ይህ ማታ በር የምዘጋበት ነው» አለች። «ልጄ እዚህ ነው የምትተኛው።»

ካፒቴኑ ከመንገዱ ዞሮ ራይስን አየ። የራይስ እጅ ትንሽ ቆየና ወደ ካባቸው እጅጌ ተመለሰ። ሳሎማት ቁልፉን መልሳ ኪሷ ከተተችና፣ ሟች ባለበት ቤት እሳት ስለማይነድ፣ የለቅሶውን ውኃ ልታሞቅ ወደ ጎረቤት ቤት ሄደች።