የመምህር ዘውዱ ማህደር

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም።

ማክሰኞ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ህልም ነው ብዬ እተወው ነበር...

ቦታው ደብረ ታቦር ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ አሁንም እዚያው እሠራለሁ። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ሰው ማስረጃ ሲጠይቅ ማመልከቻውን በመስኮት እቀበላለሁ። ኃላፊው ሲፈርምበት ማህደሩን ፈልጌ አቀርባለሁ።

እማማ አሰለፈች መጀመሪያ የመጡት በሐምሌ ነው። ከገሳይ ከተማ። ዝናቡ ጋቢያቸውን ገላቸው ላይ አጣብቆታል።

"ልጄ ዘውዱ መምህር ነበር" አሉኝ። "ከሞተ አምስት ዓመቱ። ቤቴ ሲቃጠል ፎቶው ሁሉ አብሮ ነደደ። ሲቀጠር የሰጠው ጉርድ ፎቶ እዚህ አለ አሉኝ። እሱን አባዝተሽ ስጪኝ።"

"ለምን ጉዳይ ነው?" ማመልከቻው ላይ ምክንያት መጻፍ አለበት።

ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

"ፊቱ ጠፋኝ" አሉ በሹክሹክታ። "ድምፁን እሰማዋለሁ። ፊቱ ግን... እንቢ አለኝ።"

"ለግል ጉዳይ" ብዬ ጻፍኩ።

እናቱ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ እንዲያመጡ ነገርኳቸው።

ከኋላቸው ጥቁር ኮት የለበሰ ወጣት ቆሞ ነበር። እጅጌው ላይ ነጭ ብናኝ አለ። አብሯቸው የመጣ ዘመድ መሰለኝ።

በሁለተኛው ማክሰኞ ደብዳቤውን አመጡ። ማህተም አለው፤ ቁጥርና ቀን ግን የለውም።

"አይ ልጄ" አሉ ፈገግ ብለው። "ስወልደው ቁጥርና ቀን ያስፈልገዋል ያለኝ አልነበረም።"

"ደንቡ ነው፣ እማማ።"

ወጣቱ ያን ቀንም ከኋላቸው ነበር።

ውጭ ዶፍ ይወርዳል። የባለጉዳዩ ሁሉ ጫማ ሲሚንቶውን አጨቅይቶታል። እሱ የቆመበት ቦታ ግን ደረቅ ነው።

ኮቱም ደረቅ ነው...

ሦስተኛው ማክሰኞ መጣ። አሁን ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቷል። ኃላፊው "ተፈልጎ ይሰጣቸው" ብሎ ፈርሞበታል።

የቆዩት የመምህራን ማህደሮች ያሉት ከጀርባ፣ መብራት በሌለው ክፍል ውስጥ ነው። ጣሪያው ያፈሳል። ልገባ ስነሳ አብረውኝ የሚሠሩት ጋሽ ሙላቴ ከወንበራቸው ሳይንቀሳቀሱ ጠሩኝ።

"ዮርዳኖስ፣ አልተገኘም ብለሽ መልሺያቸው።"

"ሳልፈልግ?"

"እኔ ሃያ ዓመት እንዴት የሠራሁ ይመስልሻል? እዚያ የገባ ወረቀት እንኳን ለእሳቸው፣ ለኃላፊውም አይወጣም።"

ትልቅ ሰው ሲናገረኝ መልስ መስጠት አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ነኝ። "ማህደሩ ተፈልጎ አልተገኘም" ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበት።

እማማ አሰለፈች አላለቀሱም። ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት።

"ደህና አድርገሽ ፈልገሽዋል አይደል፣ ልጄ?"

"አዎ።"

"እግዜር ይስጥሽ።"

ሄዱ።

ወጣቱ ግን አልተከተላቸውም። ወደ መስኮቱ ቀረበ።

"ሦስተኛው መደርደሪያ" አለኝ።

ድምፁ ከተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚመጣ ይመስላል።

"ምን አሉኝ?"

"ከታች..."

ወደ ጋሽ ሙላቴ ዞርኩ። ስመለስ መስኮቱ ላይ ማንም የለም።

"አሁን ያናገረኝ ልጅ ወዴት ሄደ?"

"የምን ልጅ? ብቻሽን ነው ያወራሽው" አሉኝ።

የስልኬን መብራት አብርቼ ገባሁ።

ሦስተኛው መደርደሪያ። ከታች። ዘውዴ... ዘውዲቱ...

ከዚያ ክፍተት።

እኛ ዘንድ ማህደር ሲወጣ በቦታው ካርድ ይተካል። የወሰደው ሰው ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርምበታል። ክፍተቱ ውስጥ ካርድ ነበር።

ቀኑ የዚያው ቀን ነው።

የወሰደው ሰው፦ መምህር ዘውዱ።

ካርዱን ስነካው ጣቴ ላይ ነጭ ብናኝ ቀረ። አሸተትኩት። ጠመኔ ነው...

ሮጬ ወጣሁ። ማህደሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ተከፍቶ። ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ጥቁር ኮት የለበሰው ወጣት ያየኛል።

ኮፒ እስካደርግ አልጠበቅኩም። ፎቶውን ከገጹ ነቅዬ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ወረቀት ከማህደር መንቀል ከባድ ጥፋት ነው። በሥራዬ ያጠፋሁት እሱን ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ።

የገሳይ ሚኒባስ ሊወጣ ሞተሩን አስነስቷል። እማማ አሰለፈች መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ተሳፋሪ ዝናብ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከአጠገባቸው ያለው ወንበር ግን ባዶ ነው።

"እማማ፣ ተገኘ።"

እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ፎቶውን ተቀበሉኝ። ብዙ አዩት።

ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ።

"ይሄ አይደለም፣ ልጄ።"

"እንዴት?"

"ይሄ ከገሳይ አብሮኝ የሚመጣው ልጅ ነው። ጭቃው ላይ እጄን የሚይዘኝ። የእናንተው መሥሪያ ቤት ሰው መስሎኝ..."

ፎቶውን ገለበጥኩላቸው።

"እማማ... ከጀርባው ስሙ ተጽፏል። እሱ ነው። ዘውዱ እሱ ነው።"

ስሙን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ሦስት ማክሰኞ" አሉ። "ሦስት ማክሰኞ አጠገቤ ተቀምጦ... የማን ልጅ ነህ አልኩት እኮ።"

ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ።

እማማ አሰለፈች ወደ መስኮቱ ተጠጉ። የጋቢያቸውን አንድ ጫፍ አንስተው ወደ ባዶው ወንበር ጣል አደረጉት።

"ብርድ ነው" ሲሉ ሰማኋቸው። "ልበስ።"

ጋቢው ወንበሩ ላይ አልወደቀም።

ሰው ትከሻ ላይ የተጣለ ይመስል፣ እንዳለ ቆሞ ሄደ...