ሦስተኛው ጥሪ

አናጢው ስልክ ማንሳት ካቆመ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

ሥራዬ ጉበት የተቀየረላቸውን ሰዎች በየሦስት ወሩ እየደወሉ መጠየቅ ነው። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ? ትኩሳት አለ? ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል? መጨረሻ ላይ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ «በሕይወት አለ»፣ «አርፏል»፣ «አልተገኘም»። ሦስት ጊዜ ደውዬ ያጣሁት ሰው አልተገኘም ይባላል።

አናጢውን ሁለት ዓመት ስጠይቀው ኖሬ ነበር፤ መልኩን ግን አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ቀን «በሕይወት አሉ?» ስለው፣ «ስልኩን ያነሳው ማን መሰለሽ?» ብሎ አሳቀኝ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አምስት ደቂቃ፣ ጨዋታችን አንድ ሰዓት ይፈጅ ነበር። እወደዋለሁ። ይህን ለራሴ ያመንኩት በእነዚያ ሦስት ቀናት፣ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሲቋረጥ ነው።

«ምልክት አድርጊና ወደ ቀጣዩ እለፊ» አለኝ አለቃዬ።

«ትንሽ ልጠብቅ።»

«ደንቡ ሦስት ጊዜ ነው።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አድራሻውን መዳፌ ላይ ጽፌ ወጣሁ።

የእንጨት ሥራ ቤቱ በር ላይ እህቱ ቆማለች። ከሆስፒታል መምጣቴን ስነግራት ክንዴን ያዘችኝ። «እሰይ መጣሽልኝ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው እኔንስ እንቢ ብሎኛል» አለች።

አናጢው ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ፣ ግማሹ የተላገ ጣውላ ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል።

«ለምን አታነሳም?»

ድምፄን ሲሰማ ትከሻው ደነገጠ። ቀና ግን አላለም።

«ቀና በል።»

«ተይኝ በናትሽ።»

«ቀና በል አልኩህ።»

ቀና አለ። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያየነው እንዲህ ነው።

«ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ዋሽቼ እገላገል ነበር» አለኝ። «አንቺን መዋሸት አቃተኝ። እውነቱን ብነግርሽ ደግሞ ትጽፊዋለሽ። ከጻፍሽው የምሞት መሰለኝ።»

«ካልጻፍኩት ነው የምትሞተው። ተነስ።»

ሆስፒታል ወሰድነው። ሰውነቱ የተቀየረለትን ጉበት አልቀበልም ማለት ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ መድኃኒቱን አጠንክሮ «እንጠብቅ» ከማለት በቀር ቃል አልገባም። ከእህቱ ጋር ኮሪደሩ ላይ እየተቀመጥን በየጠዋቱ የደም ውጤት ጠበቅን። በሁለተኛው ቀን የጉበቱን ጉዳት የሚያሳየው ቁጥር ጨመረ፤ በአራተኛውም ጨመረ። በሰባተኛው ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለቴ አየና «ወርዷል» አለ። እህቱ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ ገብቼ ስላባከናቸው ሦስት ቀናት አፌ እስኪደክም ሰደብኩት። ሲበቃኝ እጁን ያዝኩት፤ አልለቀቀኝም።

ደንቡ ዘመድ ዘመዱን አይመዘግብም ይላል። ስለዚህ ስንጋባ ፋይሉን ለባልደረባዬ አስረከብኩ።

ትናንት ባልደረባዬ ቤታችን ደወለች። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። መድኃኒቱን ጠየቀችኝ፤ መለስኩ። ትኩሳቱን ጠየቀችኝ፤ መለስኩ።

«ዓይኑስ?»

ጠዋት አይቼዋለሁ። ቢሆንም ልቤ አላረፈምና ስልኩን እንደያዝኩ ወደሚልግበት ክፍል ሄድኩ።

«ቀና በል» አልኩት።

መላጊያውን አስቀምጦ ቀና አለ። ሽፋሽፍቱ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ።

«ነጭ ነው» አልኳት። «ጻፊው።»