ያልደረቀው ግድግዳ

በንፋስ መውጫ ሰው ሁሉ ተጠየቀ፤ እማማ ማንአለሽን የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ሽንኩርት ሻጩ ተጠየቀ፣ ባጃጅ ነጂው ተጠየቀ፣ ሬሳውን በዓይኑ ያላየው ሁሉ ቃሉን ሰጠ። ሬሳው የተገኘበትን ግድግዳ በገዛ እጃቸው የመረጉት ሴትዮ «ማንበብ የማይችሉ አሮጊት ናቸው» ተብለው ታለፉ። አርባ ዓመት የከተማውን ቤት መርገዋል። ሰው ቤት ገብቶ «እንዴት ያምራል» ሲል የሚያመሰግነው አናጺውንና ቀለም ቀቢውን ነው። ስለ ጭቃው የጠየቃቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አሁን ሞቷል።

ሟቹ ናትናኤል ይባላል። በየግድግዳው ላይ ትልልቅ ስዕልና የተጠማዘዘ ፊደል የሚሠራ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ግማሹ ከተማ «ጥበብ ነው» ይላል፤ ግማሹ «የሰው ንብረት ማበላሸት ነው» ይላል። ማክሰኞ ማለዳ፣ ወደ ገበያ በሚወርደው መንገድ፣ ደሴ ከሚባል ሰው የእህል መጋዘን ግድግዳ ሥር ወድቆ ተገኘ። ጭንቅላቱ የመሠረቱ ድንጋይ ላይ ተፈርክሷል። መሰላሉ አጠገቡ ተጋድሟል፤ ብሩሹም ከእጁ ሥር ነበር። ከበላዩ፣ ሰኞ በተመረገው በኩል፣ አምስት ሰማያዊ መስመሮች ተሰምረዋል።

ደሴ የእማማ ማንአለሽ ልጅ ነው። ቅዳሜ ዕለት በገበያተኛ ፊት ናትናኤልን «ግድግዳዬን ሁለተኛ ብትነካ እጅህን እሰብረዋለሁ» ብሎት ነበር። ፖሊስም ከዚህ ወዲያ አልደከመም፤ ልጁ ሲስል ደርሶበት መሰላሉን ጎትቶ ጣለው ብሎ ደሴን አሰረ።

እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ወረዱ። ዋና ሳጅን ቀለመወርቅ ከግድግዳው ፊት ቆሟል።

«እማማ፣ ቦታው ተከልሏል» አላቸው።

«የከለልከውን ግድግዳ ማን ሠራው?»

«እርስዎ ነዎት ይባላል።»

«ይባላል አይደለም፣ ነኝ። ቀድመህ ብትጠይቀኝ ኖሮ ልጄ አይታሰርም ነበር። ዞር በልልኝ።»

ሳጅኑ ዞር አለላቸው። እማማ መዳፋቸውን ምርጉ ላይ አሳረፉ። ላዩን ፀሐይ መትቶት የደረቀ ይመስላል፤ ጫን ሲሉት ግን ውስጡ ለስላሳ ነው። አፍንጫቸው እስኪነካ ተጠግተው፣ ከዳር እስከ ዳር እየተራመዱ አዩት።

«መሰላሉ የት ላይ ነበር የተደገፈው?»

«ግድግዳው ላይ ነዋ።»

«አሳየኝ።»

ቀለመወርቅ ቀና ብሎ ፈለገ። ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ ኮፍያውን አውልቆ እንደገና ፈለገ።

«ሰኞ ከሰዓት ነው የመረግሁት» አሉ እማማ። «በዚህ ብርድ አራት ቀን ሳይሞላው አይደርቅም። ዶሮ ብትታከከው ያሳብቃል። አንተ ደግሞ ሰው የተሸከመ መሰላል ተደግፎት ምንም አልሆነም ትለኛለህ።»

ሳጅኑ ደብተሩን አወጣ።

«ጻፍ። አታነብም ብለህ ደግሞ ሌላ እንዳትጽፍብኝ።»

«እየጻፍኩ ነው እማማ።»

«መስመሮቹንም እይ። ከደረት በላይ የወጣ የለም። ይህን ለመሥራት መሰላል ምን ያደርጋል?»

ከዚያ ጎንበስ ብለው አዩ። ከእያንዳንዱ ሰማያዊ መስመር በታች፣ ሦስት ጣት ያህል ወረድ ብሎ፣ መስመሩን እየተከተለች የምትሄድ ቀጭን ቦይ ነበረች። እሳቸው ግድግዳ አለስልሰው ነው የሚተዉት፤ ቦይ አይተዉም። በጣታቸው ዳሰሷትና ስለ እሷ ለሳጅኑ ምንም ሳይነግሩ ዱላቸውን አነሱ፤ እሱም ደብተሩን ይዞ ተከተላቸው።

በመጀመሪያ የሄዱት ቤዛዊት ዘንድ ነው። ቤዛዊት በጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ ናትናኤልን ልታገባ ቀን የቆረጠች ልጅ ናት። ዓይኗ አብጧል።

«ተጣልታችኋል ይላሉ» አሏት።

«ሰኞ ማታ ተጣልተናል። ሰርጉን ሳነሳበት እሱ ስለ ግድግዳው ያወራል። አልዋሽዎትም እማማ፣ ቀንቼ ነበር። ሰው በሴት ይቀናል፤ እኔ በጭቃ ቀናሁ።»

«ሰኞ ከሰዓት ስመርግ አብራችሁ መጥታችሁ ነበር።»

«ልነካው ስል እጄን በዱላ መቱኝ እኮ። ለእሱ ግን "እስከ ዓርብ ታገሥ፣ እርጥብ ላይ ቀለም ተጠጥቶ ይጠፋል" አሉት። ዓርብን ሲቆጥር አመሸ።»

አብሯቸው የገባው ሳጅን ከደብተሩ ቀና አለ። «ደሴ ከልክሎ እርስዎ ፈቀዱለት?»

«ፈቀድኩለት። ምን ዓይነት ጭድ እንደማበዛበት ጠየቀኝ። የሆድ ልጄ ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ።»

ይህን ይበሉ እንጂ፣ ያልተናገሩትም ነበር። ዓምና ናትናኤል በዚያው ግድግዳ በግራ በኩል አውድማና በሬዎች በሳለ ጊዜ ከተማው ሁሉ ቆሞ ሲያይ፣ እሳቸው ከሕዝቡ ጀርባ ሆነው አንጀታቸው አሯል። የቆመበት ጭቃ የእሳቸው፣ ምስጋናው የልጁ። ያን ሌሊት ዝናብ ይዝነብበት ብለው ተመኝተዋል።

ቀጥለው የገቡት ሙሉቀን ሱቅ ነው። ሙሉቀን ሃያ ዓመት ሙሉ የከተማውን ታፔላ በቆርቆሮ ላይ የጻፈ ረጅም ሰው ነው። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስቶ «ናትናኤል አጥፊ አይደለም፣ ጥበበኛ ነው» ብሎ የተከራከረለት እሱ ነበር። አሁን የመድኃኒት ቤት ታፔላ እየጻፈ ነው።

«ናቲ ወንድሜ ነበር» አለ ከሥራው ሳይነሳ። «ሁለት ቀን መካነ ኢየሱስ ከተማ ሥራ ላይ ቆይቼ፣ ሰኞ ማታ ገብቼ፣ ጠዋት መርዶ ሰማሁ።»

«ሰው ቆሞ ያይለት ነበር» አሉ እማማ።

«ያይለት ነበር።»

«የአንተንስ?»

ብሩሹ ቆመ። «የእኔ ይነበባል እንጂ አይታይም፣ እማማ።»

ድምፁን አወቁት። ከራሳቸው ደረት ውስጥ ዓምና የሰሙት ድምፅ ነው። ብሩሹ ሥራውን ቀጠለ፤ እሳቸው ግን ፊደሉን ትተው እጁን ሲያዩ ቆዩ። ሲወጡ ሳጅኑን «ነገ ሁሉንም ግድግዳው ዘንድ ሰብስብልኝ፤ ልጄንም አምጣው» አሉት።

ረቡዕ ከሰዓት ተሰበሰቡ። ደሴ በካቴና መጣ፤ ቤዛዊት ጥቁር ለብሳለች፤ ሙሉቀን እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ቆሟል።

«ናትናኤል ከመሰላል አልወደቀም» ብለው ጀመሩ እማማ። «መሰላሉ ግድግዳውን አልነካውም። እነዚህንም መስመሮች እሱ አልሠራቸውም፤ እስከ ዓርብ ቀለም እንደማይዝ ነግሬዋለሁ፣ ቤዛዊትም ሰምታለች። ይኸው እዩት፣ ሰማያዊው ተጠጥቶ እንደ አሮጌ ቁስል ጠቁሯል። ናትናኤል ማለዳ ቆሞ የሚያየው ባዶውን ግድግዳ ነበር። ታዲያ ሲስል የወደቀ ያስመሰለው ማነው? ደሴ አይደለም፤ ጭቃውን ያቦካው እሱ ነው፣ እርጥብ መሆኑን ያውቃል። ቤዛዊትም ታውቃለች፤ ዱላዬን ቀምሳለች። የማያውቀው፣ ሰኞ ያልነበረውና በሕይወቱ ጭቃ ላይ ያልሠራው ነው።»

«ከተማው ሙሉ ጭቃ አይመርግም» አለ ሙሉቀን ፈገግ ብሎ።

«ልክ ነህ። እስቲ ብሩሹን ያዝና ከጎኑ አንድ መስመር ስመርልኝ።»

ሙሉቀን ሳቀ፤ ሰው ሁሉ እያየው ስለሆነ ብሩሹን ተቀበለ። ክንዱን ዘረጋ። ሃያ ዓመት እንዳደረገው፣ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ትንሿ ጣቱ ቀድማ ወጥታ ወደ ግድግዳው ሄደች። ልትነካው ስንዝር ሲቀራት ቦይዋን አያት፤ ከመጀመሪያው መስመር ሥር፣ በጣቱ ልክ ተቀርጻ የምትጠብቀውን።

እጁ እዚያው ቀረ።

«ቆርቆሮ አሻራህን አያስቀርም፣ ሙሉቀን» አሉ እማማ በቀስታ። «ስለዚህ ጣትህ ከብሩሽህ ጋር እንደምትሄድ አይተህ አታውቅም። ጭቃ ግን ያስቀራል።»

ብሩሹ ወደቀ። «ልገድለው አልሄድኩም» አለ። «ማለዳ እዚህ ቆሞ አገኘሁት፤ አንድ ጥግ ስጠኝ፣ አብረን እንሳል አልኩት። ሳቀ። አንተ የቆርቆሮ ሰው ነህ አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ በክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ገፋሁት፤ ድንጋዩ ላይ ወደቀ። ሲስል የወደቀ እንዲመስል መሰላልና ብሩሽ አምጥቼ መስመሮቹን ሰመርኩ።»

«ሰው በአንተ ፋንታ ሲታሰር ዝም አልክ» አለ ቀለመወርቅ።

«ዝም አልኩ።»

«እኔም ቀንቼበት ነበር» አሉ እማማ። «ሙሉ ዓመት ቀናሁ። እጄን ግን ጭቃዬ ውስጥ አቆየሁት።»

ካቴናው ከደሴ ወጥቶ ለሙሉቀን ገባ። ሰዉ ሲበተን ደሴ አንጓውን እያሸ ግድግዳውን ከግራ እስከ ቀኝ አየው።

«እማ፣ ነገ ዳር እስከ ዳር ኖራ እቀባዋለሁ። አውድማውንም ጭምር። ይህ ነገር ይበቃኛል፤ ግድግዳው የእኔ ነው።»

እማማ ዱላቸውን ከፊቱ ተከሉ።

«ስዕል ይሁን ብልሽት እኔ አልፈርድም። አሁን ግን ለልቅሶ ወደ ናትናኤል እናት ትሄዳለህ። ከድንኳኑ ጥግ ከሰው ጋር ተቀላቅለህ እንዳትቀመጥ፤ ፊት ለፊቷ ቁም። "ለልጅዎ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል እጅህን እሰብረዋለሁ የሚል ነበር" በላት። ከዚያ "አውድማው ይቆይ ወይስ ይጥፋ" ብለህ ጠይቃት። መልሷን ይዘህልኝ እስክትመጣ ድረስ እዚህ ቆሜያለሁ፤ ኖራ የያዘ እጅ ወደዚህ እንዳይደርስ። ሂድ።»