ስንዝር የቀረው ቡጢ

የካራቴው አዳራሽ ከቧንቧ ዕቃ መሸጫው በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዓመት አንድ ቀን ሦስት አሰልጣኞች በአንድነት ይመጡና ከጠዋት እስከ አመሻሽ ሰልጣኙን ሲያሹት ይውላሉ። ያን ቀን ደረጃውን ዘሎ የወጣ ሰው ሲመለስ ግድግዳ እየተደገፈ ነው የሚወርደው።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ቀን ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቀው ከርማለች። ቡናማ ቀበቶ ከታጠቀች አራት ዓመቷ ነው። ለጥቁር ቀበቶ ለመፈተን የትልቁ አሰልጣኝ የጋሼ ይሁንታ ያስፈልጋል፤ ጋሼ ደግሞ ይሁንታቸውን የሚሰጡት በዚህ ቀን ብቻ ነው። ጥቁሩን ካገኘች የሴት ልጆቹን ክፍል ራሷ ታሰለጥናለች።

አንድ ችግር ብቻ ነበረባት። ችግሩ ቁመቱ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሙያው ብየዳ ነው።

በያጁ የልምምድ ጥንዷ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። የተጣመሩት በአጋጣሚ ነው፤ ያን ቀን ሁለቱም አርፍደው ሌላ ሰው አልተረፈላቸውም። ከወንዶቹ ጋር ሲሆን ቡጢው በር ይገነጥላል። እሷ ላይ ሲሰነዝር ግን ፊቷ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ይቆማል። ልምምዱ ሲያልቅ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ደህና እደሪ» ይላል፤ በሁለት ዓመት ከዚህ ያለፈ ነገር ከአፉ አልወጣም።

ፍቅርና ጉንፋን አይደበቅም፤ አዳራሹ በሙሉ ያውቃል። እሷም ታውቃለች። እሷም ብትሆን በብየዳ ቤቱ በኩል ለማለፍ ስትል መንገድ ታረዝማለች። ታዲያ ለምን ዝም አለች ቢባል፣ «ሴት ልጅ ቀድማ አትናገርም» ብለው ያሳደጓትን እናቷን መጠየቅ ነው።

ጠዋቱን የያዘው አንደኛው አሰልጣኝ ነበር። ሰልጣኞቹ «ቆጣሪው» ይሉታል፤ መቁጠር እንጂ ማቆም አያውቅም። ስድስት መቶኛው እርግጫ ላይ አንድ የሒሳብ መምህር ወለሉ ላይ ተዘረጋ።

«ቁጥር ማለቂያ የለውም እያልኩ ሳስተምር ኖሬ ዛሬ ገና ገባኝ፤» አለ።

ከዚያ ተራው የሴቷ አሰልጣኝ ሆነ። እሷን ደግሞ «መርፌ» ይሏታል፤ ስህተት ያየችበትን ቦታ በአንድ ጣት ትወጋለች። መጥታ የበያጁን ክርን ወጋ አደረገችው።

«አንተ፣ ይህን ቡጢ የት ልትጥለው ነው?»

«ፊቷ ላይ።»

«ፊቷ እኮ እዚህ ጋ ነው። አንተ የምትመታው ትንፋሿን ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። በያጁ ጆሮው ጋለ። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም።

በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ውሃ ሲጠጣ አገኘችው።

«ለምንድን ነው የማትመታኝ?»

«እየመታሁሽ አይደል እንዴ?»

«አትቀልድ። ከሰዓት ጋሼ ፊት እንዲህ ካደረግክ የኔ ችሎታ በምን ይታያል? ያልመጣ ነገር እንዴት ይመከታል?»

ውሃውን አስቀመጠ። «እጅሽ የምትሰፊበት ነው። አንድ ነገር ቢሆንስ?»

«ለኔ እጅ የማስበው እኔ ነኝ።»

«እሱስ ልክ ነሽ። አንጀቴ እንቢ እያለኝ ነው እንጂ።»

ይህን ሲል ቀና ብሎ አያት። ሁለት ዓመት ወለል ሲያይ የኖረ ሰው ነውና የደነገጠችው እሷ ናት። ደስ አላት። ደስ ማለቷ ደግሞ አናደዳት።

ከሰዓት በኋላ የጋሼ ተራ ደረሰ። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ አጥቂው የሚመታበትን ቦታ ጮክ ብሎ ተናግሮ አምስት ጊዜ ይሰነዝራል፤ ተከላካዩ አምስቱንም ይመክታል።

«ፊት!» አለ በያጁ። ቡጢው እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ቀረ።

ጋሼ እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ይሄ ልጅ እያዘነልሽ ነው። እኔ ደግሞ በሐዘኔታ ይሁንታ አልሰጥም። ሌላ ሰው ልስጥሽ?»

ቆጣሪው ቀበቶውን እያጠበቀ ብድግ አለ። ልብስ ሰፊዋ አየችው። ከሱ ጋር ታልፋለች፤ አመታቱን በቃሏ ታውቀዋለች። በያጁ ግን በሰው ፊት ተቀይሮ ከተቀመጠ ነገ ይህን ደረጃ እንደማይወጣም ታውቃለች።

«አይ ጋሼ፣ እሱ ይሁን፤» አለች። ወደ በያጁም ዞረች። «እንደ እንቁላል መያዝህን ተው። ካሰብክልኝ ምታኝ። አለዚያ ከዛሬ ወዲያ አንተዋወቅም።»

በያጁ በረጅሙ ተነፈሰ። «ፊት!»

መጣ። መከተችው፤ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ነዘራት። «ሆድ!» መከተች። «ፊት!» መከተች። አራተኛውንም እንደ ምንም መለሰችው። አምስተኛው ሲመጣ አይታዋለች፤ ግን ሁለት ዓመት አየር የለመደ እጇ ዘገየ። ቡጢው ከንፈሯ ላይ አረፈ።

ደሟ አገጯ ላይ ወረደ። በያጁ አመድ መስሎ ወደ እሷ ሊሮጥ ሲል ጋሼ «ቁም!» አሉት። ሁለቱም ጎንበስ ብለው እጅ ተነሳሱ።

«አራቱ ጥሩ ነበር፤» አሉ ጋሼ። «አምስተኛው አመለጠሽ። ለከርሞ እንገናኝ።»

በዚህ አዘነች፤ አላዘነችም ማለት ውሸት ነው። መታጠቢያው ጋ ቆማ አፏን ስትጉመጠመጥ በያጁ እርጥብ ጨርቅ ይዞ መጣ።

«ይቅር በዪኝ።»

«ለቡጢው ነው ለሁለቱ ዓመት?»

«ለሁሉም።»

«ለሁለቱ ዓመት ይቅር ብዬሃለሁ። ለቡጢው ይቅርታ የጠየቅክ እንደሆነ ግን አላገባህም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያለችውን የሰማችው ካለችው በኋላ ነበር።

በያጁ ጨርቁን እንደያዘ ቀረ። «ማግባት አለ እንዴ?»

«ካልጠየቅከኝ የለም።»

«እየጠየቅኩሽ ነው፤» አለ ቶሎ ብሎ። ወዲያው ከንፈሯን አየና ፈራ። «እናትሽስ? እንዲህ አድርጌሽ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

«እብጠቱ እስኪጠፋ አንድ ሳምንት ቆይ። ከዚያ ና።»

ከንፈሯ በሦስት ቀን ዳነ። በያጁ በአራተኛው ቀን የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ የእናቷን በር አንኳኳ። የሳምንቱን ቀጠሮ ረስቶት አይደለም፤ መጠበቅ አልቻለም እንጂ።